ለሆስፒታል ላቦራቶሪ የቱ ይሻላል? ፈቃድ፣ አይኤስኦ 15189፣ ካፕና ስሊፕታ ጎን ለጎን

«ዕውቅና አግኙ ተብለናል፤ የቱን እንያዝ?» የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ ነው። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከላይ ይመጣል፤ ከሥራ አስኪያጁ፣ ከቦርዱ፣ አንዳንዴም ከመድን ድርጅት። ታች ያለው ባለሙያ ቀን ከሌት ናሙና ላይ ነው። የደረጃ ሰነድ ገልጦ ለማነጻጸር ጊዜ የለውም። ስለዚህ «እነ እገሌ የያዙትን እንያዝ» ተብሎ ይወሰናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሰዉ ደክሟል፣ ማህደሩ መደርደሪያውን ሞልቶታል። ሥራው ግን እዚያው የነበረበት ነው።

እኔ ምርጫውን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ይሄ መንገድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻውን ተረኛ የሆነው ባለሙያ የሚሠራውን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም? ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ፣ ዓለም አቀፉን የሕክምና ላቦራቶሪ ደረጃ አይኤስኦ 15189ን፣ የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ዕውቅና የሆነውን ካፕን፣ የአፍሪካውን ደረጃ በደረጃ መንገድ ስሊፕታን፣ በዚህ ጥያቄ እንያቸው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

ፈቃድ፣ የምስክር ወረቀት እና ዕውቅና በወሬ ላይ ይቀላቀላሉ። ሦስቱ ግን ለየቅል ናቸው።

ፈቃድ ሕግ ነው። ያለ እሱ በሩም አይከፈትም፤ ስለዚህ ከምርጫው ውስጥ አይቆጠርም። የምስክር ወረቀት፣ ለምሳሌ የአይኤስኦ 9001፣ የአመራር ሥርዓት እንዳላችሁ ይመሰክራል። ሰነድ አለ፣ ቅሬታ ይመዘገባል፣ ስህተት ይታረማል። የፖታሲየም ውጤታችሁ ትክክል መሆን አለመሆኑን ግን አይመረምርም። ዕውቅና የሚመዝነው ብቃትን ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ፣ አጠገባችሁ ቆሞ፣ ምርመራው ሲሠራ ያያል። ከዚያ «ይሄ ላቦራቶሪ ይሄንን ምርመራ በትክክል መሥራት ይችላል» ብሎ ይፈርማል።

ስለ አይኤስኦ 9001 ከዚህ በላይ አልሄድም። ለግዢ ክፍልና ለመጋዘን ጥሩ ነው። ለክሊኒካል ላቦራቶሪ ብቻውን ውሃ አያነሳም።

ሕጉ የዘጋውን አትምረጡ

ከማነጻጸራችሁ በፊት ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ተመልከቱ። አንዳንድ ቦታ ምርጫው ቀድሞ ተዘግቷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ድንጋጌ የሕክምና ላቦራቶሪዎች በአይኤስኦ 15189 ዕውቅና እንዲያገኙ አስገድዳለች። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አንድ የጤና ተቋም ላቦራቶሪ ለራሱ መጠቀሚያ መመርመሪያ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ የ2017/746 ደንብ አይኤስኦ 15189ን ወይም የሚመለከተውን የአገር ውስጥ ድንጋጌ እንዲያሟላ ይጠይቀዋል።

ሕግ ምን ያህል ዝርዝር ሊሆን እንደሚችል ለማየት ክሊያ የሚባለው የአሜሪካ የላቦራቶሪ ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሁን ያለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ምርመራዎችን በውስብስብነታቸው ይከፍላቸዋል። ቀላል የተባለውን ብቻ የሚሠራ ቦታ ቀለል ያለ ግዴታ አለበት፤ ውስብስቡን የሚሠራው ግን በየሁለት ዓመቱ ይፈተሻል። በቁጥር ለሚገለጽ ምርመራ መነሻው ደንብ በቀን ሁለት ደረጃ ያለው ኮንትሮል፣ ማለትም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙና፣ መሥራት ነው። ለአብዛኛው ምርመራ የውጭ ብቃት ፍተሻ፣ ማለትም መልሱ ያልተነገራችሁ ናሙና ከውጭ ተልኮ የምትፈተኑበት፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በየዙሩ አምስት ናሙና። ከአምስቱ አራቱን ማግኘት ያስፈልጋል። የደም ዓይነት ላይ ግን አምስቱም ትክክል መሆን አለባቸው። የደም ዓይነት ሲሳሳት የሚከተለውን የሚያውቅ ሰው ይሄ በዛ አይልም።

ከክሊያ ሁሉ የምወደው አንድ ድንጋጌ አለ። የብቃት ፍተሻ ናሙና እንደ ታካሚ ናሙና ይሠራ፣ የታካሚን ናሙና በሚሠራው መደበኛ ሠራተኛ እጅ ይሠራ፣ ታካሚው ስንት ጊዜ ከተሠራለት ያንኑ ያህል ጊዜ ይሠራ ይላል። ሆን ብሎ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልኮ ማሠራት ፈቃድ ሊያሰርዝ ይችላል።

ይሄ ለምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ የብቃት ፍተሻ ሣጥን ሲደርስ ጎበዟ ባለሙያችን ከእረፍቷ ሳይቀር ትጠራ ነበር። እሷ ሁለቴ፣ ሦስቴ ትሠራዋለች። አማካዩ ይላካል። ማንም ለማጭበርበር ብሎ አላደረገውም። ፈተና ስለመሰለን ነው። ውጤታችን ሁሌም ያማረ ነበር። የሚናገረው ግን ስለ እሷ ነበር እንጂ ስለ እኛ አልነበረም። ሌሊት ላይ የሚሠራው ልጅ ፒፔቱን እንዴት እንደሚይዝ አንድም ቀን አላወቅንም።

አይኤስኦ 15189፦ «ምን» ይላል፣ «እንዴት» ለእናንተ ይተዋል

ለሕክምና ላቦራቶሪ ተብሎ የተጻፈ ደረጃ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በ2007 እና በ2012 ታድሷል። አራተኛው እትም የወጣው በታኅሣሥ 2022 ነው። በአሮጌው ዕውቅና የነበራቸው ላቦራቶሪዎች ወደ አዲሱ እንዲሻገሩ ሦስት ዓመት ተሰጥቷቸው ነበር። ስለዚህ አንድ አማካሪ የ2012ቱን ቅጽ ይዞ ከመጣ ጊዜ ያለፈበት ነውና መልሱት።

አዲሱ እትም ከሰነድ ብዛት ይልቅ በታካሚው ላይ ሊደርስ ወደሚችል ጉዳት ያዘነበለ ነው። ራሱን የቻለ የጥራት መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ ብሎ አያስገድድም። በታካሚው አልጋ አጠገብ የሚደረገውን ምርመራ፣ ያ በየዋርዱ ያለውን ግሉኮሜትር ማለት ነው፣ ወደ ራሱ አስገብቶታል። ቀድሞ ለብቻው አይኤስኦ 22870 ነበር የሚገዛው። ብዙ ላቦራቶሪ ይሄን ይረሳዋል። ግሉኮሜትሩ የነርሶች ነው ብሎ ያስባል። ውጤቱ ግን ልክ እንደ ትልቁ ማሽን ውጤት ኢንሱሊን ያስወጋል።

የዚህ ደረጃ ባሕርይ ጎልቶ የሚታየው ኮንትሮል ላይ ነው። ክሊያ «በቀን ሁለት» ይላል። አይኤስኦ 15189 ቁጥር አይሰጣችሁም። የምርመራው ዘዴ ምን ያህል የተረጋጋ ነው? የተሳሳተ ውጤት ቢወጣ ታካሚው ምን ይሆናል? በዚያ ልክ ወስኑ ይላል። ለበሰለ ላቦራቶሪ ይሄ ነጻነት ነው። ላልበሰለው ግን ጭንቀት ነው፤ «ታዲያ ስንት ጊዜ ልሥራ?» ብሎ ዙሪያውን ያያል። የመወሰን ልምድ ያለው ሰው ከሌላችሁ በዚህ ደረጃ አንድ ዓመት ልትዋልሉ ትችላላችሁ።

ብዙዎችን የሚያስፈራው የልኬት እርግጠኝነት ማነስ የሚባለው ነገር ነው። ስሙ ከበደ እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ሰው ኤችቢኤ1ሲ፣ ያ የወራት አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየው ምርመራ፣ 6.4 በመቶ ወጣ እንበል። ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው የሚባለው። የእናንተ ዘዴ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.3 የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ይሄ ሰው ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ይሄን መመለስ መቻል አለባችሁ። ደረጃው የሚፈልገው ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ዕውቅናው ለሕንፃው በጅምላ አይሰጥም። በምርመራ በምርመራ ተዘርዝሮ ነው የሚሰጠው፤ ስኮፕ ይሉታል። መቶ ሃምሳ ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ በአሥራ ሁለቱ ብቻ ዕውቅና ሊኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ይሄን ከሩቅ አያሳይም። ናሙና ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ስትልኩ ስኮፑን ጠይቁ። ራሳችሁ ስትመርጡ ደግሞ ቀላሉን ለይቶ ማስገባት ያጓጓል። እኔ ግን ብዙ የሚሠራውንና ቢሳሳት የሚጎዳውን አስቀድሙ እላለሁ። ፖታሲየም፣ ክሬአቲኒን፣ ግሉኮስ፣ ሄሞግሎቢን። ደም የምትሰጡ ከሆነ የደም ዓይነትና ክሮስማች (የለጋሹና የተቀባዩ ደም መስማማቱን ማየት)።

ካፕ፦ ጥያቄው ተጽፎ ይመጣል

የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ዕውቅና መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። አሠራሩ ከአይኤስኦ በጣም ይለያል። ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለኬሚስትሪውም ለሄማቶሎጂውም ለማይክሮባዮሎጂውም፣ ቼክሊስት አለው። ጥያቄው ተጽፏል። ከሥሩም ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ ተጽፏል። «ታዲያ ምን ልሥራ?» ብሎ የሚጨነቀው ባለሙያ እዚህ መልስ ያገኛል።

የሚፈትሹት ደግሞ በሌላ ላቦራቶሪ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦች ናቸው። ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው። ኮንትሮል ከመስመር ሲወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ እነሱም አድርገውታልና። ዙሩ ሁለት ዓመት ነው። በመሃል ባለው ዓመት ላቦራቶሪው በዚያው ቼክሊስት ራሱን ይፈትሻል። የተገኘ ጉድለት በሁለት ደረጃ ይመደባል፤ ከባዱ ላይ እርማት ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ይጠየቃል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።

አሜሪካ ውስጥ መደበኛው ጉብኝት ሳይነገር ነው የሚደረገው። ይሄን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ቀኑ በታወቀ ኦዲት ዋዜማ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቦታ የሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ፍሪጅ የሙቀት መዝገብ አገላብጬ ነበር። ወሩን ሙሉ 4፣ 4፣ 4። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ ጽሑፍ። ከታች ሳየው ገና ያልደረሱ ሁለት ቀናትም ተሞልተዋል። በሩን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ 11 ይላል። ውስጥ የነበረው የደም መርጋት መመርመሪያ ሪኤጀንት ነው። መዝገቡን የሞላችው ልጅ ሰነፍ አልነበረችም። ሦስት ሰው በሚሠራበት ክፍል ብቻዋን የቀረች ልጅ ነበረች። ኦዲት ደረሰ ተብላ ወረቀቱን አዳነች። ፍሪጁን ግን የሚያድነው አልነበረም።

ካፕ ለማን ይከብዳል? ቼክሊስቱ ረጅም ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ሥራው በእንግሊዝኛ ነው። የብቃት ፍተሻውም ካፕ ራሱ የሚያዘጋጀው ወይም የሚቀበለው መሆን አለበት፤ ናሙናው ድንበር አቋርጦ ሲመጣ ጉምሩክ ላይ ቀናት ከቆየ ውጤታችሁን ያበላሻል። ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ሙከራ የምትሠሩ ከሆነ ግን ስፖንሰሮች ካፕን ያውቁታል፤ ብዙ ማብራራት አይጠበቅባችሁም።

ጄሲአይን በአጭሩ ልለፈው። ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሰጪ ነው፤ የሆስፒታል ዕውቅናው የሚመዝነው መላውን ሆስፒታል ነው፤ ዙሩም ሦስት ዓመት ነው። ላቦራቶሪው እንደ አንድ አካል ይታያል። ሆስፒታሉ ጄሲአይን ከወሰነ እናንተ መከተላችሁ አይቀርም። የላቦራቶሪ ብቻ ምርጫ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ስሊፕታ፦ ደረጃ በደረጃ

ከዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ የወጣ መንገድ ነው። የአፍሪካ ላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ኦዲቱን ያስተባብራል። ቼክሊስቱ በአይኤስኦ 15189 ላይ የቆመ ነው። ልዩነቱ ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ አለመሆኑ ነው። ኮከብ ይሰጣል። ከ55 በመቶ በታች ኮከብ የለም። ከ55 አንድ፣ ከ65 ሁለት፣ ከ75 ሦስት፣ ከ85 አራት፣ 95 እና ከዚያ በላይ አምስት። ከጎኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ኪጋሊ ላይ የተጀመረው ስሊምታ የሚባል ሥልጠና አለ። ሠልጣኙ ተምሮ፣ ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ፣ አንድ የማሻሻያ ሥራ ሠርቶ፣ ውጤቱን ይዞ ይመለሳል።

ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ገና 40 በመቶ ላይ ላለ ላቦራቶሪ የአይኤስኦ ገምጋሚ መጥራት ገንዘብ ማቃጠል ነው። አርባ ጉድለት ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ ሰዉም ተስፋ ይቆርጣል። ከዜሮ ወደ ሁለት ኮከብ መውጣት ግን ለጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር የሚታይ ለውጥ ነው።

ሁለት ነገር ግን እወቁ። ስሊፕታ ዕውቅና አይደለም። አምስት ኮከብም ቢሆን ዕውቅና አይተካም። ሁለተኛው ያሳዝነኛል። አራት ኮከብ የነበረ ላቦራቶሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሲወርድ አይቻለሁ። የጥራት ኃላፊዋ የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ያ ብቻ ነው የሆነው። ሁሉም ነገር በእሷ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ይሄ የስሊፕታ ጥፋት አይደለም፤ አይኤስኦም ላይ ካፕም ላይ ይደርሳል። ስሊፕታ ላይ ግን ቶሎ ይታያል፤ ኮከቡን ለማግኘት አንድ ታታሪ ሰው ሊበቃ ይችላልና።

አንድ ውጤት ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

እንግዲህ እናንተ የቱ ላይ ናችሁ? አማካሪ ከመቅጠራችሁ በፊት በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ልንገራችሁ። ያለፈውን ወር ውጤቶች ዘርጉና አንድ የሌሊት ውጤት አውጡ። ፖታሲየም ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዚያ ወደ ኋላ ተከተሉት። ገምጋሚዎችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ያወጣሁት 8.2 የሚል ፖታሲየም ነበር። ይሄ ልብ የሚያቆም ቁጥር ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ ካልሲየሙ በጣም ዝቅ ብሏል፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይምም ወርዷል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነገሩ ግልጽ ነው። ሐምራዊ ክዳን ካለው ቱቦ ደም ወደ ሌላው ተገልብጧል። በዚያ ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚደረገው ኢዲቲኤ ከፖታሲየም ጋር የተሠራ ነው፤ ካልሲየሙን ደግሞ ይዞ ያስቀራል። ታካሚው ደህና ነበር። ውጤቱ ግን ወጥቷል። ማን ቀዳ? አልተጻፈም። ለማን ተደወለ? «ለዋርድ» ይላል፤ ስም የለም፣ ሰዓት የለም። የደወለው ሰው ቁጥሩ ተደግሞ እንዲነበብለት አድርጓል? አይታወቅም።

እናንተም እንዲህ እየሄዳችሁ የት እንደቆማችሁ ምልክት አድርጉ።

ናሙናውን ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደደረሰ፣ በዚያ ቀን ኮንትሮል መሠራቱን ማግኘት ካቃታችሁ ገና መሠረቱ ላይ ናችሁ። ስሊፕታ የሚሠራበት አካባቢ ካላችሁ በእሱ ጀምሩ። ከሌላችሁም የአይኤስኦን ሰነድ ገዝታችሁ ለዕውቅና ሳታመለክቱ አንድ ዓመት ራሳችሁን ፈትሹበት።

ይሄ ሁሉ ተገኝቶ፣ ኮንትሮሉ ከመስመር የወጣበት ቀን ላይ ግን «ተደግሞ ተሠራ፣ ተስተካከለ» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ ችግራችሁ ወረቀት አይደለም። ሰዉ ምን ማድረግ እንዳለበት በዝርዝር የሚነግረው ይፈልጋል። የካፕ ቼክሊስት እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። ዕውቅናውን ባትፈልጉ እንኳ በዚያ ዓይነት ዝርዝር ጥያቄ ራሳችሁን መፈተሽ ትችላላችሁ።

መዝገቡ ሁሉ ተሟልቶ የቆማችሁት «ይሄ ካሊብሬተር (ማሽኑ የሚስተካከልበት ናሙና) እሴቱን ከየት አገኘ? ዘዴያችን ስንት ይዋዥቃል? ኮንትሮሉን በቀን ሁለት ጊዜ የምንሠራው ለምንድን ነው?» የሚለው ላይ ከሆነ ለአይኤስኦ 15189 ደርሳችኋል። አመልክቱ።

ሕጋችሁ አንዱን ካስገደደ ግን መድረሻው ያው የተጻፈው ነው። ይሄ ሙከራ የሚነግራችሁ ከየት እንደምትነሱ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ

አስተዳደሩ የሚያየው የማመልከቻ ክፍያውን ነው። ያ ትንሹ ነው። የውጭ ጥራት ምዘና፣ ያ ቀደም ያልነው የብቃት ፍተሻ፣ ዓመታዊ ክፍያ አለ። የፒፔትና የቴርሞሜትር ካሊብሬሽን አለ። የገምጋሚዎች ጉዞና ማደሪያ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሰዓት ነው። የጥራት ኃላፊው ግማሽ ቀን ናሙና የሚሠራ ከሆነ የጥራቱ ሥራ ማታ ይሠራል፤ ማታ የሚሠራ ሥራ ደግሞ እንደዚያ እንደ ፍሪጁ መዝገብ ይሆናል። በጀት ስታቀርቡ ይሄን ሰው በመጀመሪያው መስመር ጻፉት። ያንን ካልፈቀዱላችሁ ማመልከቻውን አዘግዩት። እኔ በዚህ አልደራደርም።

የምዘናውን ክፍያ ደግሞ ዕውቅና ከማሰባችሁ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩት። ለአንዳንድ ምርመራ የውጭ ምዘና ላይገኝ ይችላል። ያኔ ከሌላ ላቦራቶሪ ጋር ናሙና እየተለዋወጣችሁ ውጤት ማነጻጸር ትችላላችሁ፤ አይኤስኦ 15189 አሳማኝ አማራጭ ዘዴን ይቀበላል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ዕውቅና ሰጪውን አካል ስልክ ደውላችሁ ጠይቁት። አይላክ የሚባለው የዕውቅና ሰጪዎች ዓለም አቀፍ ኅብረት ሲያስተባብረው የቆየውን የጋራ ስምምነት ለሕክምና ላቦራቶሪ ፈርሟል? የማይክሮባዮሎጂ ገምጋሚያችሁ ማይክሮባዮሎጂ ውስጥ ሠርቶ ያውቃል? ሪፖርቱ ከጉብኝቱ በስንት ቀን ይደርሰናል? ጉድለት ተገኝቶ ተመልሳችሁ ብትመጡ ማን ይከፍላል? ሌሊት ላይ የሚሠራውን ተረኛ ታዩታላችሁ ወይስ የምታዩት ቀን ያለውን ብቻ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሷት ጻፉና ከሌሎቹ ዕውቅና ሰጪዎች መልስ ጎን አስቀምጧት።